ዘመድ አይደለችም

ልጄ ደም የሚሠራበት መቅኔው ደክሟል ያሉኝ ቀን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ከመቅኔው አልሻልም ነበር። ደሴ ሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ጫማዬን አውልቄ እግሬን አሻለሁ። ሐኪሙ ቆሞ ያስረዳኛል። «እየሰማሽኝ ነው እናቴ?» አለኝ። «እየሰማሁህ ነው» አልኩት፤ የሰማሁት ግን ግማሹን ነበር። ግማሹም በቂዬ ነው። ደም የሚፈልቀው አጥንት ውስጥ ካለው መቅኔ ነው፤ የልጄ መቅኔ ማፍለቁን ትቷል፤ ደም እየተሰጠው ይቆያል እንጂ በዚያ አይድንም፤ የሚድነው የሌላ ሰው መቅኔ ተወስዶ ሲተከልለት ነው፤ እሱም ከማንም አይወሰድም፣ የሚገጥም መሆን አለበት። ይህን ብሎኝ አዲስ አበባ እንድወስደው ነገረኝና ወደ ሌላ ሕመምተኛ ሄደ። ጫማዬን አጥልቄ ለመነሣት ብዙ ቆየሁ።

ሲጀምረው ነስር ነበር። ፀሐይ ነው አልን። ቀጥሎ ክንዱና ጭኑ ላይ ማንም ሳይነካው ጥቁር ጥቁር ይል ጀመር። እኔም ትምህርት ቤት ድረስ ሄጄ «ልጄን የቆነጠጠው ማን ነው?» ብዬ አስተማሪውን ሰው ፊት አዋረድኩት። ምስኪን! ሐይቅ ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም ነው የምሸጠው፤ ምላሷም እንደ ሸቀጧ ነው እያሉ ያሙኛል። ይበሉ። በኋላ ልጁ አንድ ደረጃ ወጥቶ ሲያለከልክ ሳይ ነው ነገሩ ፀሐይም አስተማሪም እንዳልሆነ የገባኝ።

ልጆችሽ ስንት ናቸው ስባል ሦስት እላለሁ። የታመመው ትንሹ ነው። ከሱ በላይ ያሉትን ሁለቱን የሰፈር ሰው «መንታዎቹ» ይላቸዋል፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። መንታ ግን አይደሉም። ያኔ አምባሰል፣ ውጫሌ አጠገብ ነበር የምንኖረው። ትልቁን ልጄን ወልጄ ገና አራስ ሳለሁ፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴና የልብ ጓደኛዬ ሴት ልጅ ወልዳ በዚያው ሄደች። ባሏ ወታደር ነበር፤ ከሄደበት አልተመለሰም። ሕፃኗን በጨርቅ ጠቅልለው አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጧት። ምን ልል ነው? አንዱን ጡት ለሱ፣ አንዱን ለሷ ሰጠሁ።

ሸሁ መጥተው አዩና «ከጠባች ልጅሽ ናት፤ ለልጅሽም እህቱ ናት፣ ቢያድጉ ለጋብቻ እርም ናቸው» አሉኝ። እናቷ ክርስቲያን ነበረችና የእናቷ አክስት ወስዳ ክርስትና አስነሥታ፣ ማተብ አስራላት መለሰችልኝ። ማተቧን አልበጠስኩባትም። ረመዳን ሲገባ ከኛ ጋር ታፈጥራለች፤ ሁዳዴ ሲገባ ለብቻዋ ሽሮ እሠራላታለሁ፣ ልጆቼም ከሷ ሽሮ እየቀሙ ያበሳጩኛል። ትምህርት ቤት ስናስገባት በባሌ ስም አስገባናት። ማን እንደወለዳት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ የእናቷን መቃብርም እኔው ነኝ ያሳየኋት። ከኛ ቤት የተደበቀ ነገር አልነበረም። ብቻ ጉዳዬ ብሎ የሚያነሣውም አልነበረም።

ለውጥ መጣ ብሎ አገሩ ሁሉ ሲጨፍር ትልቁ ልጄም ድምፁ እስኪዘጋ ጨፈረ። ከዚያ ለውጡ ሐይቅ እስኪደርስ መጠበቅ አቃተውና ከጓደኞቹ ጋር በባቲ አድርጎ፣ በረሃውንም ባሕሩንም አቋርጦ ሳዑዲ ገባ። እሷ ቀረችልኝ። ሱቁን ትከፍታለች፣ በርበሬውን ታስፈጫለች፣ ከደንበኛ ጋር ስጣላ መሐል ገብታ ታስቀኛለች። ትንሹ ከታመመ በኋላ ደግሞ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስንዞር ቦርሳውን የምትሸከመው እሷ ነበረች። ባሌ ሐይቁ ዳር ያለውን ሽንኩርት ትቶ መሄድ አይችልም፤ የምንበላው ከዚያ ነው።

አዲስ አበባ ያየችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ቀስ ብላ የምትናገር፣ እሷም እንቅልፍ ያጣች የምትመስል። «እህት ወንድም አለው?» አለችኝ።

«ሁለት አሉት። አንዱ ሳዑዲ ነው፤ አንዷ ይቺውት» አልኩ ልጅቷን እያሳየሁ።

«ከአንድ እናትና ከአንድ አባት ናቸው?»

«አዎ።»

ዓይኔን አላሸሸሁም። ሐኪሟ የልጅቷን ማተብ አየች፣ የኔን ሂጃብ አየች። «ከየት ነው የመጣችሁት?» አለች። «ከወሎ፣ ከሐይቅ» ስላት ፈገግ አለች። ወሎ ከሆነ ብላ መሰለኝ፣ አልፋው ሄደች። የሌላ አገር ሰው ብንሆን ደግማ ትጠይቀን ነበር። የሁላችንንም የደም ዓይነት አስመርምራ፣ ጉንጫችንን ከውስጥ በጥጥ ጠርጋ ናሙናውን ወደ ውጭ አገር እንደምትልክ ነገረችን። የእናት መቅኔ ቢበዛ ግማሹን ነው የሚገጥመው፤ ተመራጩ የእህት ወይ የወንድም ነው አለች። ትልቁ ሳዑዲ ተደብቆ ስለሚሠራ ተስፋችን ሁሉ ልጅቷ ላይ ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር አስጠነቀቀችን። «እስከዚያ ደም ሲያስፈልገው ማንም ዘመድ እንዳይሰጠው። እናት፣ አባት፣ እህት፣ አጎት፣ አክስት፣ ማንም። የዘመድ ደም አስቀድሞ ከገባበት ሰውነቱ ያውቀውና፣ ኋላ መቅኔው ሲመጣ እንደ ጠላት ያባርረዋል።» ልጅቷን በተለይ እያየች «አንቺ ዋናዋ ነሽ፤ አደራ» አለቻት። ልጅቷም ደረቷን ነፍታ ወጣች።

ከዚያን ቀን ወዲያ ቤታችን ውስጥ መቅኔዋ እንደ እንግዳ ተከበረ። ወጥ ሲቀርብ ሥጋዋን መርጣ ታነሣና «ለመቅኔው ነው» ትላለች። ጉበት ሲገዛ ለመቅኔው ነው። ውኃ አምጪ ስላት «ኧረ እማ፣ መቅኔው ይናጣል!» ትለኛለች። ትንሹ ደግሞ «የሷ መቅኔ ሲገባብኝ እንደሷ ልፍለፋ ይይዘኛል?» ብሎ ይጠይቃል። «ይይዝሃል፤ ፀጉርህንም ሹሩባ ካልተሠራሁ ትላለህ» ትለዋለች። ሳቁ ድድ እስኪያደማ ነበር፤ በእውነት ነው የምለው፣ ድዱ ይደማል። እየሳቀ ይደማል፣ እኔ በጥጥ ይዤ እቆጣለሁ፣ እነሱ በኔ ይስቃሉ። እነዚያ ቀናት ደግ ነበሩ፤ ያኔ ግን ደክሞኝ አላየኋቸውም።

ዝግጅት ዝግጅት ይላሉ ሐኪሞቹ፤ ዝግጅት ማለት ለካ በር ላይ መቆም ነው። ልጁ በሽታ እንዳይነካው ውኃው ይፈላል፣ ፍራፍሬው ይላጣል፣ ጥርሱ ይታያል፣ ሰው አይስመውም። ሐይቅ ላይ ደግሞ የታመመ ልጅ ያለበት ቤት ሰው አይስመው ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሐይቅ ሰው ያውቃል። የሰፈሩ ሴቶች ዳቦ ይዘው ይመጣሉ፤ በር ላይ ተቀብዬ እመልሳቸዋለሁ። «ልጁን ቆለፈችበት፤ አዲስ አበባ ደርሳ መጥታ ኮራችብን» አሉ። ኩራት! ለኩራት የሚሆን አቅም ከየት አምጥቼ?

የከፋው የሽማግሌዎቹ ነበር። በኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ ምራቁን እንትፍ እንትፍ ብሎ ራስ ላይ ያደርጋል፤ ያለዚያ ምርቃቱ የገባ አይመስልም። ሸሁ ወዳጃ አድርገው፣ ሌሊቱን ለልጁ ዱዓ አድርገው አድረው፣ ጠዋት በምርኩዝ መጡ። ያኔ አምባሰል ሳለን ለጡት ልጄ የፈረዱልኝ፣ ኋላም እንደኛው ሐይቅ የገቡት እሳቸው ናቸው፤ እንግዲህ እሳቸውን ምን ብዬ ልመልስ? አጥሩ ጋ ቁጭ ብዬ እግራቸውን ይዤ ነገርኳቸው። ብዙ አሰቡና «ከዚህ ሆኜ ብመርቀው አይደርሰውም?» አሉኝ።

«ይደርሰዋል አባባ።»

አጥሩ ጋ ቆመው መረቁት። ምራቃቸውን መሬት ላይ እንትፍ አሉ። ትንሹ በመስኮት «አሚን!» ብሎ ጮኸ። እኔ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። አንድ ሰው ማስከፋት የማያስፈልገኝን ቀን እናፍቅ ነበር።

ለልጁ ግን የሚደረግለትን ማስረዳት የኔ ሥራ ነበር። ሐኪሟ ሁሉንም ንገሪው፣ ልጅ ሲያውቅ ይጸናል ብላኛለች። መቅኔው የሚተከለው ውጭ አገር ነው፤ እዚያ ስትሄድ ፀጉርህ ይረግፋል አልኩት። አዲሱ ከመግባቱ በፊት አሮጌውን መቅኔ በመድኃኒት አጥበው ያወጡታል፣ ያኔ ያምሃል አልኩት። «ለምን ያወጡታል?» አለኝ። «እንስራ አዲስ ውኃ ከመሞላቱ በፊት ይታጠብ የለ?» አልኩት። አሰበና «ታጥቦ ሳይሞላስ ቢቀር?» አለኝ። ያ አላህ! ምን ብዬ ልመልስ? «እህትህ እያለች ባዶህን አትቀርም» አልኩት። አመነኝ።

ጦርነቱ በሰሜን ጀምሮ ሰንብቶ ነበር፤ በወልዲያ በኩል ወደኛ ሲወርድ የተፈናቀለው ሰው አስቀድሞ ደረሰ። አምባሰል ተራራ ላይ መድፍ ሲያገሣ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል። ውጫሌ ባዶ ሆነች ተባለ። ልጁ ደም የሚቀበልበት ቀን ደርሷል፤ ደሴ ስንሄድ ደሙ ሁሉ ለቁስለኛ ሄዷል። ልጅቷ እጅጌዋን ሰብስባ «ከኔ ይውሰዱ» ስትል እጇን ቀጭ አድርጌ መታኋት። «እህት አይሰጥም ተብለሽ የለም? እጅሽን ሰብስቢ!» በስንት ልመና አንድ የማናውቀው ጎረምሳ ሰጠልን። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ሄደ፤ ባለበት ሁሉ ይቅናው።

ሐይቅን ስንለቅ ባሌ አልመጣም። «በሬዎቹን ለማን ጥዬ? ልጁን አድርሱ» አለ። በጭነት አይሱዙ ላይ፣ በፍራሽና በሰው መሐል ተጣብበን፣ ለልጁ አፉና አፍንጫው ላይ ጨርቅ አስሬለት ወጣን። ሰው በሰው ላይ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ወር የበር ጥበቃ በኋላ ስንት ሰው እንደሳለበት አልነግራችሁም። እኔም መቆጣት ተውኩ። ልጅቷ ግን በክንዷ ከበበችውና የተጠጋውን ሁሉ «ወንድሜ ታሟል፣ እባካችሁ» እያለች ኮምቦልቻ ድረስ መጣች። ከዚያ አዲስ አበባ ገባን፤ የባሌ የሩቅ ዘመድ አንዲት ክፍል ለቀቀልን። ከኋላችን ሐይቅ ተያዘች፣ ስልክም ጠፋ። ባሌ በሕይወት መኖሩን የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ አልሃምዱሊላህ፣ በሬዎቹ ናቸው የሞቱት። ትልቁም ሳዑዲ ላይ በፖሊስ ተይዞ እስር ቤት ነው የሚል ወሬ ብቻ ነበር።

እንግዲህ የቀረችን እሷ ብቻ ነበረች። ሐኪሟ ውጤቱ መጣ ብላ ጠራችን። ልጅቷን ከትንሹ ጋር ውጭ አስቀምጬ ብቻዬን ገባሁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ እናቴ፤ አትቆጪኝ» አለችኝ።

«ምን ልትዪኝ ነው?»

«ይህችን ልጅ የወለድሻት አንቺ ነሽ?»

«አጥብቻታለሁ» አልኩ።

«መውለድሽን ነው የጠየቅሁሽ።»

«እኔም መለስኩልሽ! ከአንድ ጡት ነው የጠቡት። ካደገች ጀምሮ እማ ነው የምትለኝ። ወንድሜ ነው የምትለው። ማን አባቱ ነው እህቱ አይደለችም የሚለኝ?» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እሷ አልተቆጣችም። እንዲያውም ቆጣ ብትልልኝ እመርጥ ነበር።

«ወተት መቅኔ ውስጥ አይገባም እናቴ» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ታዲያ የት ነው የሚገባው?» አልኳት።

የውጤቱን ወረቀት ወደኔ ገፋ አደረገችው። እኔም እንድትመልስልኝ አልነበረም የጠየቅኋት። በምርመራው ከልጄም ከኔም ጋር ምንም የሚገናኝ ነገር የላትም፣ ባዕድ ናት አለችኝ። ባዕድ! ቃሉን ስሰማ ዞር ስል፣ በሩ ገርበብ ብሎ ልጅቷ የትንሹን የውኃ ኮዳ ይዛ ቆማለች። ሊጠማኝ ይችላል ብላ ያመጣችልኝ ነው።

ማወቅስ ታውቃለች፤ ሁላችንም እናውቃለን። ግን እንዲህ፣ በነጭ ጋወን፣ ጮክ ብሎ የነገራት አልነበረም። ኮዳውን አቀበለችኝና «በቃ እኔ ለምንም አልሆንም ማለት ነው?» አለች ለሐኪሟ። ሐኪሟ «እንዲህ አይባልም» አለቻት። እንዲህ አይባልም ማለት ግን አዎ ማለት ነው፤ ሁለታችንም ገባን። ለልጄ ያለኝ ተስፋ እዚያ ክፍል ውስጥ አለቀ። እሷን ልይ ወይስ ለሱ ላልቅስ አላውቅም ነበር። ደክሞኝ ስለነበር ሁለቱንም አላደረግሁም፤ ውኃውን ጠጣሁት።

ያን ማታ የቤቱ ባለቤት ሥጋ ወጥ አቀረበልን። እሷ የድርሻዋን ሥጋ አንሥታ ከትንሹ ፊት አስቀመጠችለት። «ለመቅኔው አይደለም እንዴ?» አላት፤ እሱ ገና አልሰማም። «ጠግቤያለሁ» አለችው። አላየሁም ብዬ እጄን ልታጠብ ተነሣሁ። ክፉ ነገር ብዙ አይቻለሁ፤ ያቺን ቁራሽ ሥጋ ግን እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ጥቂት ቀን ሳይቆይ ትንሹ ነስር ያዘው። አላቆም አለ። ጨርቅ ስቀይር፣ ጨርቅ ስቀይር ቤቱ ውስጥ ጨርቅ አለቀ። ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስነው። ፊቱ ነጭ ወረቀት ሆኗል፤ «እማ፣ እንስራው ታጠበ እንዴ?» አለኝ፣ እኔ የነገርኩትን አስታውሶ። ሐኪሟ መጥታ አየችውና ዛሬውኑ ደም ካላገኘ አይሆንም አለች። ደም ባንክ ተደወለ፤ የሱ ዓይነት የለም፣ ለግንባር ሄዷል። ዘመድ አይፈቀድም፤ ዘመድ ያልሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ማን አለን? ክፍሉን የለቀቀልን ሰውዬ የባሌ ዘመድ ነው፣ እሱም አይሆንም። እኔ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ዱዓ ለማድረግ እጄን አነሣሁ፤ ግን ምን እንደምል ጠፋኝ።

ልጅቷ ፊቴ መጥታ ተቀመጠች። እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም፤ ዓይኗ በርቷል።

«እማ።»

«ተይኝ ልጄ።»

«እማ ስሚኝ። እህቱ ካልሆንኩ እኮ መስጠት እችላለሁ።»

አልገባኝም። ደገመችልኝ። «እህት አይስጥ ነው ያሉት። እህቱ አይደለሽም አሉኝ። ደማችን ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ ያኔ መርምረውን የለ?» ተነሥታ ሐኪሟን ክንዷን ይዛ አመጣቻት። ሐኪሟ መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረገች። «ልክ ናት» አለች ከዚያ። «ከሌላ ባዕድ ሰው የተለየች አይደለችም፤ ትችላለች። ብቻ እዚያ ደም ሲወስዱ ይጠይቁሻል። በግልጽ ንገሪያቸው፤ ካመነታሽ ከሷ አይወስዱም።»

ደም የምትወስደው ሴትዮ መነጽር ያደረገች፣ ነገር የማያልፋት ዓይነት ናት። የሁለቱን ስም አየች። «የአባት ስም አንድ ነው» አለች። «እህቱ ናት አይደል? መቅኔ የሚጠብቅ ልጅ ነው የተባለው፤ እህት አይሰጥም።» መርፌውን መልሳ አስቀመጠች።

እኔ አፌን ከፈትኩ። ሃያ ዓመት ሊሆን ለምንም ተብሎ ከአፌ ያልወጣ ቃል ነው። ጓደኛዬ በአፈር ውስጥ ሆና የምትሰማኝ መሰለኝ። ሴትዮዋ ትጠብቃለች፤ ማዶ ክፍል ልጄ ይደማል። ልጅቷ ወንበሩ ላይ እጅጌዋን ጠቅልላ ተቀምጣ በክርኗ ነካ አደረገችኝ። «በያት እንጂ» አለች በሹክሹክታ። ፈገግ ብላ፣ በሌላው እጇ ማተቧን ይዛለች።

«ዘመድ አይደለችም» አልኩ።

«አልወለድሻትም?»

«አልወለድኳትም። የጎረቤት ልጅ ናት።»

«የአባት ስሙስ?»

«ትምህርት ቤት ለመግቢያ ነው እንጂ ባሌም አልወለዳትም። በሥጋ ምናችንም አይደለችም።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ልጅቷን አየቻት። «ማሻአላህ፤ ለጎረቤት ብለሽ በዚህ በጦርነት ቀን!» አለቻት። መርፌውን አስገባች። ደሙ ወደ ከረጢቱ መውረድ ጀመረ። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንቺስ እናት፣ ምን ደርቀሽ ቆመሻል? አመስግኛት እንጂ! ለባዕድ ልጅ ደሙን የሚሰጥ ማን አለ ዛሬ?»

ምን ላድርግ? ሴትዮዋ እያየችኝ ነው፤ ብጠራጠር መርፌውን ትነቅለዋለች። በጡቴ ላሳደግኋት ልጅ፣ በመንገድ እንዳገኘኋት ሰው እጅ ነሣኋት። «አላህ ይስጥልኝ» አልኳት። «ውለታሽን አልረሳም።»

ልጅቷ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል «ኧረ ምንም አይደለም እትዬ» አለችኝ።

እትዬ። ለባዕድ ሴት የሚባለውን። ለኔ ብላ፣ ለሱ ብላ፣ እንዳይጠረጠር ብላ ነው፤ ገብቶኛል። ቢሆንም ኮሪደር ወጥቼ፣ ሰው ሁሉ ቢያየኝም ግድ ሳይሰጠኝ፣ ከታመመ ጀምሮ ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ። ስመለስ ከረጢቱ ሞልቶ እሷ ብስኩት ትበላለች። «ይኸኛውስ ለመቅኔው ነው» አለችኝ በዓይኗ ወደ ብስኩቱ እየጠቆመች። ነስሩ ከሰዓት በኋላ ቆመ። ከዚያ ወዲያም እንደገና መስጠት የሚፈቀድላት ቀን በደረሰ ቁጥር እዚያች ሴትዮ ጋ እየሄድን፣ እኔ ዘመድ አይደለችም እያልኩ፣ እሷ እትዬ እያለችኝ፣ ልጁን ወንድሙ እስኪመጣ አቆየነው።

ትልቁ ልጄ ከሳዑዲ ከተባረሩት ጋር፣ በላስቲክ ከረጢት አንዲት ሸሚዝ ይዞ፣ በቦሌ በኩል ገባ። አልለየሁትም፤ ከስቶ ነበር። ጉንጩን ጠረጉት። ገጠመ፣ ሙሉ በሙሉ። አገር አዋጥቶልን፣ ውጭ አገር ሄደን ለትንሹ ተተከለለት፤ ፀጉሩ ረገፈ፣ በቀለ፤ እሱ ራሱን የቻለ መከራ ነው፤ አልፏል። ዛሬ ሐይቁ ዳር ከአባቱ ጋር ሽንኩርት ይነቅላል። ሰላም ሆኖ ወደ ሐይቅ ስንመለስ ሸሁ ትልቁን ልጄን «ወንድምህን ያተረፍክ» ብለው፣ በዚህኛው ጊዜ ራሱ ላይ እንትፍ ብለው መረቁት። ሐኪሞቹም እንዲህ ነው የሚሉት፤ በትንሹ ደም ሥር የሚሄደው ደም አሁን የወንድሙ ነው፣ የሷ አንድ ጠብታ አልቀረም። እሷ ይህን ሰምታ «ውለታ ቢስ! ደሜን የት ጣልከው?» ብላ ሮጣ አባረረችው።

ሱቁን አሁንም አብረን ነው የምንይዘው። እኔ አሁንም ቶሎ እቆጣለሁ፤ ድካሙ ከአጥንቴ አልወጣም። አንዳንዴ በማይረባ ነገር፣ በሚዛን፣ በዘገየ ምሳ እጮህባታለሁ። ያኔ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «እሺ እትዬ» ትለኛለች። የት ጋ እንደሚያመኝ ታውቃለች። ሚዛኑን አስቀምጬ አያታለሁ። ትንሽ ታቆየኝና በርበሬውን ከፊቴ ገፋ አድርጋ «እማ፣ ምሳ በላሽ?» ትለኛለች።